በረንዳ ላይ የሚተኛው ቶውኮ

ለታላቅ እህቴ ለሶይንቱ፤

በቺሊ ፀሐይ ሥር ጤናሽ የተሟላ እንዲሆን እየተመኘሁ፣ እኛም በከተማችን በኦሉ ብርድ ውስጥ ደኅና መሆናችንን እገልጽልሻለሁ።

ልጄ ቶውኮ ስድስተኛ ወሩን ይዟል። ለሦስት ወር ብለሽ የሠራሽለት ሹራብ ዛሬም ልኩ ነው። እንደ አገራችን ልማድ ቀን ቀን፣ ቢበርድም፣ በሕፃን ጋሪው በረንዳ ላይ አስተኛዋለሁ፤ ቀድሞ አንድ ሰዓት ይበቃው ነበር፣ ሰሞኑን ግን አራት ሰዓት ሙሉ ያለ ድምፅ ይተኛል። ጎረቤቴ ወይዘሮ አይሊ፣ «አንቺስ ታድለሻል! የእኔዎቹ ሰፈሩን ያምሱት ነበር፤ ይሄ ጳጳስ ሆኖ ነው የተወለደው» ስትለኝ እኮራ ነበር።

ትናንት በጤና ጣቢያ ሲስተር ራኬል መዘነችው፤ ሚዛኑን አስተካክላም ደገመችው።

«ጡት ብቻ ነው?»

«ጡት ብቻ።»

«አንቺስ ምን ትበያለሽ?»

ሥጋ፣ ወተትና እንቁላል ከተውሁ አምስት ዓመት መሆኑን ካነበብሁት መጽሐፍ እየጠቀስሁ ከነምክንያቱ አስረዳኋት።

«የኔ ልጅ፣ መጽሐፉን ያነበብሽው አንቺ ነሽ፤ የሚጠባው ግን እሱ ነው። ቢ12 የሚባለው ቫይታሚን ከእናት ደም ከጠፋ ከወተቷም ይጠፋል፤ ሕፃኑም ይደክማል፣ እንቅልፍ ያበዛል። ኪኒኑን ትወስጃለሽ?»

ስለ ኪኒኑ አንብቤ ነበር፤ ምግቤ ምሉዕ ነው ብዬ ስለማምን ናቅሁት።

ዛሬ ጠዋት ሁለት እንቁላል ቀቅዬ ቆሜ በላሁ፤ ለእናታችን አትንገሪያት፣ «ብዬሽ ነበር» ትለኛለች። ቶውኮን ደጅ አላወጣሁትም፤ አጠገቤ ተኝቷል፤ ልብሱን ስለውጥለትም አልነቃም። ከአንድ ሰዓት በኋላ ሆስፒታል እንሄዳለን፤ ለምርመራ ብቻ ነው።

የሚቀጥለውን ሹራብ አትቸኩይበት። ጋሪውን ሳስወጣ ቢጮህና ወይዘሮ አይሊ ብትቆጣን ደስ ይለኛል።

ሰላምታዬ ባለሽበት ይድረስሽ።

እህትሽ ቪልያ