ወረቀት የሌላት ባዝራ

ፌርፋክስ፣ ሎስ አንጀለስ
ጥቅምት 2018 ዓ.ም.

አባዬ፣

አሰላሙ ዐለይኩም። ጉልበትዎ እንዴት ሆነ? የወረኢሉ ውርጭ የሚጀምርበት ጊዜ ነውና መስጂድ ሲወጡ ጋቢውን ይደርቡ። ይህን ደብዳቤ የምታደርስልዎ አስማ ናት፤ እዚህ ፌርፋክስ ላይ ሱቅ ያላት የከሚሴ ልጅ። በስልክ ያልነገርኩዎት በዚህ ሰሞን ስልክ ስለምፈራ ነው። ብዙ ነገር እፈራለሁ። ግን አንድ ነገር ሠርቻለሁና ከሰው ከሚሰሙት ከእኔ ይስሙት። ነገሩ የፈረስ ስለሆነ ደግሞ ከእርስዎ የተሻለ የሚረዳኝ የለም።

በርባንክ የምጦራቸውን ሚስ ሩትን ነግሬዎታለሁ። በዚያ ሰፈር በየጓሮው ጋጣ አለ። የእሳቸው ዳማ ባዝራ ናት፤ የዐረብ ዘር፣ አንገቷ ቀጭን፣ ዓይኗ ትልልቅ። አርጅታለች። የእኔ ሥራ እሳቸውን ማጠብና ማብላት ነበር፤ ግማሽ አካላቸው ከደረቀ ወዲህ ግን ለባዝራዋ ድርቆሽ የሚሰጣት ጠፋና እሱንም ያዝኩት።

ባለፈው ወር የወንድማቸው ልጅ መጥቶ ነርሲንግ ሆም የሚሉት መጦሪያ አስገባቸው። ቤቱ ሊሸጥ ነው።

“ፈረሷስ?” አልኩት።

“ወረቀት የላትም። ሐሙስ ጨረታ ትወጣለች።”

ምን ማለት እንደሆነ የነገረኝ ጎረቤታቸው ነው። ወረቀት የሌላትን አሮጊት ባዝራ ለግልቢያ የሚገዛ የለም። የሥጋ ነጋዴ ይገዛትና በጭነት መኪና ከድንበር ያሻግራታል። ያርዷታል፣ አባዬ። ፈረስ!

የዘርና የባለቤትነት ወረቀቷን ፍለጋ ቤቱን አገላበጥኩት፤ ምንም የለም። እርስዎ ፈረስ ሲገዙ ጥርሱን አይተው፣ ጋማውን ገልጠው፣ ከዚያ “እናቱ የማን ናት?” ይሉ ነበር። ትዝ አለኝና ጋማዋን ገለጥኩ። ከሥሩ ነጭ ጠጉር የበቀለበት ምልክት አለ፤ ፊደል የማይመስል ፊደል ተደርድሯል። ጎረቤትየው አየና፣ “ይህን የዘር መዝገብ የያዘው ማኅበር ያነበዋል፤ ደውዪላቸው” አለኝ።

ደወልኩ። ያነሳችው ሴት ድምፅዋ ደግ ነው። “ስምሽን ስፔል አድርጊልኝ፤ አድራሻሽስ?” ስትለኝ ግን ስልኩን ዘጋሁባት። ስምና አድራሻ ስጠየቅ ለምን እንደምርድ ሌላ ጊዜ እነግርዎታለሁ። ሱሀይል ለጊዜው ሥራው በረሃው በኩል ነው። ስልክ እንደ ልቡ አይፈቅዱለትም፤ ለዚያ ነው የማይደውልልዎ። የልጄ ባል ረሳኝ ብለው እንዳያዝኑበት።

ለአስማ ብነግራት ጮኸችብኝ።

“አንቺ ልጅ አብደሻል? የመኖሪያ ወረቀት ኬዝሽ ገና ፔንዲንግ ነው! ሶ፣ በሰው ፈረስ ምን አገባሽ? ቁልፉን መልሺና ቤትሽ ቁጭ በይ፣ ኦኬ?”

እውነቷን ነው። ቁጭ አልኩ። መስኮቴ ሥር መኪና በቆመ ቁጥር መጋረጃውን በጣቴ ገለጥ አድርጌ አያለሁ። በሩ ሲንኳኳ ትንፋሼን ይዤ እቆማለሁ፤ ጎረቤት ይሁን ሌላ ሳላውቅ ኮቴው እስኪርቅ። ሐሙስ ግን እየቀረበ መጣ። ድርቆሽ ልሰጣት ስሄድ ባዝራዋ ድምፄን ሳትሰማ ገና በኮቴዬ አውቃኝ አሽካካች። እዚያው ጋጣው በር ላይ ቆሜ መልሼ ደወልኩ። “ሙጂባ እባላለሁ” አልኩና ፊደል በፊደል ነገርኳት። ባዝራዋ የሚስ ሩት መሆኗን ነግሬ የምልክቱንም ፎቶ ላክሁላት።

ቆይታ መለሰችልኝ። የባዝራዋን የመዝገብ ስም፣ የአባቷን፣ የእናቷን፣ የአያቶቿን ሁሉ ቆጠረችልኝ። እርስዎ የእኛን ዘር ለእንግዳ እንደሚቆጥሩት ነበር። ደስ ብሎኝ እልል ልል ስል ድምፅዋ ተለወጠ።

“ባለቤቷ ሩት አይደሉም። ይህች ፈረስ ተሰርቃለች ተብላ ነው የተመዘገበችው። አሁን የት ናት? አንቺስ ምኗ ነሽ?”

የተሰረቀ ፈረስ ይዤ የቆምኩት እኔ! ስልኩን ጥዬ ልሮጥ ነበር። ብሮጥ ግን ሐሙስ አለ። አድራሻውን ሰጠኋት። የሰማሁት ድምፅ የእኔ አይመስልም ነበር።

በማግስቱ የፖሊስ መኪና መጣ፤ ከኋላው ፒክአፕ ተከትሎታል። ጋጣው ውስጥ ነበርኩ። አያተል ኩርሲይን መቅራት ጀመርኩ፤ መሐል ላይ ጠፋኝ። እንደገና ጀመርኩ፤ አሁንም ጠፋኝ።

“የደወልሽው አንቺ ነሽ?” አለኝ ፖሊሱ።

“አዎ።”

ጋማዋን ገልጦ ከያዘው ወረቀት ጋር አስተያየና ከፒክአፑ ለወረደችው ሴት ራሱን ነቀነቀላት። የእኔን መታወቂያ ሳይጠይቅ ሄደ። መኪናው ከታጠፈ በኋላ ድርቆሹ ላይ ተዘረፈጥኩ።

ሴትዮዋ ጠጉሯ ሸብቷል። “ሊን እባላለሁ። የሩት ልጅ ነኝ” አለችኝ። ልጅ እንዳላቸው ማንም ነግሮኝ አያውቅም።

“እናቴ የማትወደውን ሰው አገባሁ። ከቤት ስወጣ ፈረሴን ሩቅ ሰው ጋ ወስዳ ደበቀችብኝ። ለፈረሷ ብዬ የምመለስ መስሏት ነው። እኔም በእልህ ተሰርቃለች ብዬ አስመዘገብኩ። ከዚያ ወዲህ ተነጋግረን አናውቅም። ኋላ ወደ ጓሮዋ እንደመለሰቻት አላወቅሁም፤ ፈረሷን ሞታለች ብዬ ነበር የተውኳት።”

ባዝራዋ አላወቀቻትም፤ ድርቆሿን ትበላ ነበር። ሊን ግን አንገቷን አቅፋ አለቀሰች።

እኔም ያኔ ነው የገባኝ። ሚስ ሩት ከታመሙ ጀምሮ በተጣመመ አፋቸው አንድ ቃል ይደጋግማሉ። “ክሊን”፣ አጽጂልኝ፣ የሚሉ እየመሰለኝ አንሶላ ስቀይር ነው የከረምኩት። ለካ “ሊን” ነው የሚሉት። ነገርኳት።

“አሁንም ትለዋለች?”

“ትናንት ልጠይቃቸው ሄጄ ብለውታል” አልኳት።

ጨረታው ቀረ። ሊን ባዝራዋን ወሰደቻት፤ እናቷ ዘንድም ሄደች። ምን እንደተባባሉ አላውቅም፤ በሩን ዘግቼላቸው ወጣሁ። የሚስ ሩት የወንድም ልጅ የቤቱን ቁልፍ ስለተቀበለኝ ሥራ ፈትቻለሁ። እርስዎ አይጨነቁ፤ አስማ እስክትመለስ ሱቋን እኔ እይዛለሁ።

ፍርሃቱ ግን አለቀቀኝም። ስሜ አሁን በማያውቁኝ ሰዎች እጅ ነው። ሊን ቅዳሜ ሱሀይል ያለበት ድረስ በመኪናዋ ልታደርሰኝ ቃል ገብታለች። መንገዱ ሩቅ ነው፤ የሚያስገቡትም ቅዳሜ ብቻ ነው። በመስታወት ተለያይተን ነው የምናወራው። ሹራብ ልወስድለት ብጠይቅ ከውጭ ዕቃ አንቀበልም አሉኝ። የሥራ ቦታው ደንብ ጥብቅ ነው፣ አባዬ።

አላህ ዕድሜዎን ያርዝምልኝ፤ ጉልበትዎን ያጽናልኝ፤ በረትዎን አያጉድልብን። በፈጅር ዱዓ ሲያደርጉ ከሁላችንም አስቀድመው ሱሀይልን ይጥሩልኝ። እማዬ ከጠየቀችዎ ግን ሁለቱም ደኅና ናቸው ይበሏት።

ልጅዎ ሙጂባ