ወንድ ዋስ

ላሊበላ፣ ኅዳር 14 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለልጄ ለንጋት፣

ካይሮ ላይስ ብርዱ ገባ ወይ? እዚህ ገብቷል። ጉልበቴን ይዞኛል እንጂ ደህና ነኝ፤ ወንድምሽም ደህና ነው። አንቺን ከልቤ አውጥቼ መተኛት ግን አቅቶኛል።

መልእክትሽን ጎረቤታችን ጀውሀራ ናት ከስልኳ ያነበበችልኝ። የሰማሁት ልክ አልመስል ብሎኝ ሁለት ጊዜ አስነበብኳት። ቤት ያየሽበት ሰውዬ ደመወዝሽን ሳይጠይቅ ባል አለሽ ወይ አለሽ። የለኝም ስትዪው አባትሽን ጠየቀ። ሞቷል ስትዪው፣ እንግዲያው ወንድምሽ ብቻዋን እንድትኖር ፈቅጃለሁ ብሎ ፈርሞ ይላክ፣ አለዚያ ለሴት ላጤ አላከራይም አለ። እንዲህ ሲልሽ ይኼ አራተኛው አከራይ ነው። አሁን ያለሽበትን ደግሞ ከገና በኋላ ትለቂያለሽ፤ ከዚያ ወዲያ የት እንደምትገቢ አታውቂም።

አዬ ልጄ። ታናሽሽ ምስጋኑ ነው ላንቺ ፈቃጅ? አዝለሽ ያሳደግሽው፣ አባታችሁ ከሞተ ወዲህ ደብተሩንም ጫማውንም ችለሽ ያስተማርሽው? ስነግረው ሳቀ፤ ወዲያው ደግሞ አፈረ። ለእኔ መፈረም የነበረባትስ እሷ ናት አለ። ቢሆንም ፈርሟል። የወረቀቱ ፎቶ አይበቃም ስላልሽ ዋናውን ወደዚያ በሚመለስ ሰው ከዚህ ደብዳቤ ጋር ልኬልሻለሁ። አሳዪው። ሙግቱ ይቆይ፤ እኔም ደክሞኛል፣ አንቺም ቤት ያስፈልግሻል።

ንዴቴ አልበርድ ቢለኝ ወደ ንስሐ አባታችን ወደ አባ ኢያቄም ሄድኩ። ሰውዬውን ስረግም ሰሙኝ። ስጨርስ፣ "ያንቺስ የጓሮ ክፍል ተከራየ?" አሉኝ። አንገቴን ደፋሁ።

ያልነገርኩሽ ነገር አለ ንጋት። መስከረም ላይ ከሙጃ የተዛወረች አስተማሪ ክፍሉን ልትከራይ መጥታ ነበር። ሰብሌ ትባላለች፤ በዕድሜ ካንቺ ብዙ አትርቅም። ባል አለሽ ወይ አልኳት። የለኝም አለች። እንግዲያው አባትሽ ወይ ወንድምሽ መጥቶ ዋስ ይሁንሽ፣ ለሴት ላጤ አላከራይም አልኳት፤ ጎረቤት ሁሉ እየሰማ። ፍራሿን ባጃጅ ላይ ጭና ነበር የመጣችው። እንደጫነች ተመለሰች። እኔም ወንድ ተከራይ ስጠብቅ ክፍሉ ይኸው ሁለት ወር ባዶውን ነው።

ይህንን ለአባ ኢያቄም ተናዘዝኩ። ስግደት ያዙኛል ብዬ ጉልበቴን እያሰብኩ ነበር። እሳቸው ግን፣ ቀኖናሽ ሄደሽ ልጅቷን ይቅርታ መጠየቅ ነው አሉኝ። ስግደቱ ይሻለኝ ነበር።

ሄድኩ። ከሦስት አስተማሪዎች ጋር አንድ ክፍል ውስጥ ነው ያለችው፤ ቦታ ስለማይበቃ ፍራሿን ቀን ቀን ግድግዳ አስደግፋ ታቆመዋለች። ያንቺን ነገር አወራኋት። በድዬሻለሁ፣ ነይና ግቢ፣ ዋስም አልፈልግም አልኳት። ዓይን ዓይኔን እያየች፣

"እማማ፣ ልጅዎ ቤት ባታጣ ኖሮ ይመጡ ነበር?" አለችኝ።

አልመጣም ነበር። ሌሊቱን ሁሉ የማስበው ይህንን ነው፤ አፍሬበታለሁ።

ቢሆንም አላባረረችኝም። ለልጄ የማስጽፈው ነገር አለኝ፣ በምስጋኑ እጅ ማስጻፍ ግን አልቻልኩም ስላት፣ ቅዳሜ እመጣለሁ አለች። ይኸው መጥታለች። የምታነቢው ጽሑፍ የሷ ነው። ፍራሿን ይዛ የተመለሰችበት ጋ ስደርስ ብዕሯ ቆመ።

"ይህንንም ልጻፈው?" አለችኝ።

"እንዳለ ጻፊው" አልኳት።

ልጄ፣ የላሊበላ አምላክ የሰው ደጅ አያስጠናሽ። ስምሽን ብቻ ጠይቆ በሩን የሚከፍትልሽ ሰው ይስጥሽ። እኔንም እንደዚያ ያድርገኝ።

የጓሮውን ክፍል ቁልፍ ሰብሌ ከምትጽፍበት ወረቀት አጠገብ አስቀምጬላታለሁ። እስካሁን አላነሳችውም።

እናትሽ ገለቴ
(በአውራ ጣቴ ፈርሜያለሁ)