ቲቢ ይሁን ብዬ የተሳልኩ ሰሞን

ኅዳር 4

ባሌ ገመዳ ጭነት አድርሶ ከጅቡቲ ገባ። ሳል ይዞ። አቧራው ነው አለ… ሁልጊዜ አቧራው ነው። ሸሚዙን ሲቆልፍ አየሁት፣ ኮሌታው ሰፍቶታል። ሸሚዙ ነው የሰፋው ወይስ አንገቱ ነው የቀጠነው? ነገ ጤና ጣቢያ ካልሄድክ ተሳቢው ላይ ወጥቼ አብሬህ ጅቡቲ እወርዳለሁ አልኩት። ሳቀ። ሲስቅ ሳለ።

ኅዳር 7

አክታው ተመረመረ። ኔጌቲቭ! ልጃችን ልዩ አንደኛ ክፍል እያለች ቲቢ ይዞት ነበር፣ መድኃኒቱን ጨርሶ ዳነ። ተመልሶ መጣ ብዬ ስንት ሌሊት ፈራሁ። ዶሮ ገዝቼ ገባሁ።

ሳሉስ ታዲያ? ነርሷ ብርድ ይሆናል፣ ካልተሻለው ተመለሱ አለች። መመለስ? ነፃ ነህ የተባለ ሰው ምን ሊያደርግ ይመለሳል?

ታኅሣሥ 2

ሞጆ ደረቅ ወደብ ተራ ሲጠብቅ ደም ተፋ። የነገረኝ የሥራ ባልደረባው ጂብሪል ነው፣ በስልክ። እሱማ ሊደብቀኝ ነበር። "ጥርሴ ነው" ይለኛል። የትኛው ጥርስ?

ታኅሣሥ 9

ሲቲ ስካን ተነሳ። ቀኝ ሳንባው ላይ እብጠት አለ ተባለ። የድሮው ቲቢ ጠባሳ የተወበት ቦታ ላይ። በመርፌ ናሙና ወሰዱ። ወይ ቲቢው ተመልሷል፣ ወይ… ሐኪሙ ያቺን ቃል ሲናገር ገመዳ ወዲያኛው ክፍል ልብሱን ይለብስ ነበር። እኔ ብቻ ሰማሁ።

ታኅሣሥ 19

ቁልቢ መሄድ አልቻልኩም፣ እዚሁ አዳማ ገብርኤል ተሳልኩ። ቲቢ አድርግልኝ፣ ለከርሞ ቁልቢ ድረስ ጃንጥላ ይዤ እመጣለሁ። ሰው ጤና ይሳላል፣ እኔ በሽታ! ግን ቲቢን እናውቀዋለን። መድኃኒት አለው፣ ማለቂያ አለው። አጠገቤ የቆመችው ሴት ልጅ ስጠኝ እያለች ታለቅሳለች። የእኔን ስለት ብትሰማ ምን ትል ይሆን?

ጥር 3

ካንሰር።

ጥር 4

ትናንት ከዚያች ቃል በላይ መጻፍ አቃተኝ።

ውጤቱን የሰማነው እኔና ታላቅ ወንድሙ ጋሼ ገርባ ነን፣ ለዚሁ ብለው ከሁሩታ መጥተው። "አያጨስም እኮ" አልኩት ሐኪሙን። ቲቢ ድኖም ሳንባው ላይ ጠባሳ ይተዋል አለ። ቲቢ የያዘው ሁሉ ካንሰር ይይዘዋል ማለት አይደለም፣ ግን ይዞት ከማያውቅ ሰው ይልቅ የመያዝ ዕድሉ ከፍ ይላል። በገመዳ ላይ ምክንያቱ ያ ነው ብዬ መማል አልችልም አለ። ታዲያ ያኔ ድነሃል ብለው ሲሸኙት ይህን ማን ነገረን? ሳል በጀመረህ ቁጥር ሳንባህን አስታይ ያለው ማን ነው? የአክታው ምርመራ ቲቢን ብቻ ነው የሚያየው። እኔ ግን ኔጌቲቭ ሲሉኝ ዶሮ ወጥ ሠራሁ።

ቀዶ ጥገና አይሆንም፣ ኬሞ አዲስ አበባ ይሞከራል፣ ቶሎ ከሆነ። እሱ ራሱ ይወስን አለ ሐኪሙ። ግቢው ውስጥ ጋሼ ገርባ ክንዴን ያዙኝ። "እንዳይሰማ። ሰውን የሚገድለው ሕመሙ ሳይሆን ወሬው ነው። ቲቢ ነው በይው።"

"ኬሞውስ?"

"ትንሽ ያገግም፣ ያኔ እናስባለን።"

ቤት ገባሁና ቲቢ ነው አልኩት። እፎይ አለ። "ቲቢማ የማውቀው ጠላት ነው፣ አንዴ ጥዬዋለሁ" አለኝ።

ጥር 12

ክኒኑን ጓዳ ውስጥ ከማሸጊያው አውጥቼ ነው የምሰጠው። ማስታገሻና ቫይታሚን። የቲቢ ነው እለዋለሁ። ልዩ ከጅማ ዩኒቨርሲቲ ደወለች።

"አባዬ እንዴት ነው?"

"ቲቢው ተነስቶበት ነው፣ መድኃኒት ጀምሯል።"

ሁለተኛው ውሸት እንዲህ ይቀላል እንዴ?

ጥር 20

ዛሬም አልነገርኩትም።

የካቲት 1

ጋሼ ገርባ ዘመድ ይዘው ሊጠይቁት መጡ። ሰው ሁሉ ቲቢ ቲቢ ሲለው ዋለ። አይዞህ፣ መድኃኒቱን ብቻ እንዳታቋርጥ… እሺ፣ እሺ ይላል። እንደወጡ ጠራኝ።

"ዘርፉ፣ ያኔ የቲቢውን ክኒን ስውጥ ሽንቴ ምን ይመስል ነበር?"

እንግዶቹ የተዉትን ብርጭቆ መሰብሰብ ጀመርኩ።

"ቀይ ነበር። ደም መስሎሽ ጎረቤት ሁሉ ሰበሰብሽ። መድኃኒቱ ነው የሚያቀላው ብላ ነርሷ ሳቀችብን። አሁን አንድ ቀንም አልቀላም።"

ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ያውቃል። እያወቀ ነው ሲውጥ የከረመው።

"ለምን ዋጥከው ታዲያ?"

"ጓዳ ተደብቀሽ ማሸጊያውን ስትቀዳጂ እሰማሽ ነበር። ምን ልበልሽ?"

የሕመሜን ስም ንገሪኝ አለ። ነገርኩት። ጠባሳውን፣ ኬሞውን፣ ቶሎ ከሆነ የተባለውን፣ ሁሉንም። "እኔ የምወስነውን ገርባ ወሰነልኝ በይኛ" አለ። አልተቆጣም። ቢቆጣ ይሻለኝ ነበር። ጋሼ ገርባ ቢሉኝም የዋሸሁት እኔ ነኝ።

የካቲት 5

አዲስ አበባ ደርሰን ተመለስን። ሐኪሟ ፊልሙን አየች፣ እሱንም አየች። ያን ጊዜውኑ መጥታችሁ ቢሆን እንሞክር ነበር፣ አሁን ሰውነቱ አይችለውም አለች። "ለምን ዘገያችሁ?" ስትል ገመዳ ቀድሞኝ "ሥራ በዝቶብኝ" አላት። ለእኔ ብሎ ዋሸ።

ስንመለስ ቢሾፍቱ ላይ ዓሣ እንብላ አለ። ሁለቴ ጎረሰና ሳህኑን ወደ እኔ ገፋው። በላሁ። እንዴት እንደወረደልኝ እንጃ።

የካቲት 9

ለልዩ ደወልኩላት። ደውዪ ያለኝ እሱ ነው፣ አጠገቤ ተቀምጦ።

"ቲቢ አይደለም" አልኳት። የሆነውን ነገርኳት።

"አባዬ ያውቃል?"

"ያውቃል።"

"እኔ ብቻ ነኛ የማላውቀው።"

ገመዳ ስልኩን ከእጄ ተቀበለ። አምና አባቱ ሲሞቱ ልዩ ፈተና ላይ ናት፣ ሳትጨርስ ማንም እንዳይነግራት ብሎ መርዶዋን ያስቆየው እሱ ነው። ጋሼ ገርባ ሊነግሯት ሲደውሉ እንኳ ስልኩን አስነጥቋቸዋል። ዘንድሮም ፈተና ላይ ናት፣ ዛሬም እንደዚያ ያደርጋል ብዬ ጠበቅኩ… ጨርሺና ትመጫለሽ ይላታል ብዬ።

"ልዩዬ" አላት፣ "ፈተናውን ተይውና ነይ።"