ሰደፉን ብቻ ልኬልሃለሁ

ውድ ወንድም ጋሼ፣

ጥቅሉን ከሹፌሩ ስትቀበል እንደቀለለህ አውቃለሁ። ብርድ ልብሱ ውስጥ ያለው የአባባ ጠብመንጃ እንጨቱ ብቻ ነው፤ ሰደፉ። ብረቱ የለም። እባክህ ስልክ አንስተህ ከመጮህህ በፊት ቁጭ ብለህ ይህችን ጨርስልኝ። ፊት ለፊት ልነግርህ ፈርቼ ነው የምጽፈው። ከዚህ በፊት አንተን ፈርቼ አላውቅም ነበር።

ያመጣኸው ዕለት ትዝ ይልሃል? ጠብመንጃውን በጆንያ ጠቅልለህ የእንጨት ሥራ ወርክሾፔ በር ላይ ቆመህ፣ "ሸካራ፣ እስቲ ይሄን እንጨት አሳምሪልኝ። ሳሎን ግድግዳ ላይ ልሰቅለው ነው" አልከኝ። እጅሽ እንደ ብርጭቆ ወረቀት ነው ብለህ ባወጣህልኝ ስም ስትጠራኝ ደስ አለኝ። አባባ የመጋዘን ዘበኛ ሆኖ ዕድሜውን ሙሉ ተሸክሞት፣ አንዲት ጥይት ሳይተኩስበት ጡረታ የወጣ ሰው ነው። "እኔን ያስረጀኝ መሸከሙ ነው" እያለ ይቀልድ አልነበር? ግድግዳ ይገባዋል አልኩ በልቤ።

ልትወጣ ስትል ግን ዞር ብለህ፣ "ሰደፉ ላይ ያለው ስንጥቅ ሲተኮስ ይችላል?" ብለህ ጠየቅከኝ።

ግድግዳ ላይ የሚሰቀል ነገር ምን ይተኮሳል? "በኮላ ይያዛል" አልኩህ።

ሰው ውሃ ቀጠነ ብሎ ይጣላል ሲባል እሰማ ነበር፤ አንተና ዳቦ ጋጋሪው ጎረቤትህ ግን የእውነት በውሃ ተጣላችሁ። የእሱ ቦይ ወደ አንተ ግቢ ፈሰሰ፣ ተሰዳደባችሁ፣ ዳቦ ሊገዛ በተሰለፈ ሰው ሁሉ ፊት በጥፊ መታህ። ለልጆችህ በአጥር ላይ ትኩስ ዳቦ ሲያቀብል የኖረ ሰው! ባለጌ ነው፣ እኔም ባገኘው ያን እጁን በመላጊያ ብልገው ደስታዬ ነው። ሚስትህ ደውላ፣ "ከዚያ ቀን ወዲህ ጢሙን አይላጭም። መስታወት ፊት መቆም ትቷል። መስኮቱ ጋ ሆኖ የሰውዬውን በር ሲያይ ነው የሚውለው" ስትለኝ ግን ስለ ስንጥቁ ለምን እንደጠየቅከኝ ገባኝ።

ስለዚህ ሥራውን አጓተትኩት። የድሮውን ቫርኒሽ ቀስ እያልኩ ፋቅሁ፣ ስንጥቁን በኮላ ያዝኩ፣ ከዚያ የተልባ ዘይት መቀባት ጀመርኩ። በደወልክ ቁጥር "አልደረቀም" እልሃለሁ። የተልባ ዘይት እንደሆነ ቶሎ አይደርቅም፤ እኔ ደግሞ ደረቅ ሲል ሌላ እደርብበታለሁ። "ምን ዓይነት ዘይት ነው? ሰው እኮ በዚህ ጊዜ ቤት ሠርቶ ይገባል!" አልከኝ። ድሮ ቢሆን እንዲህ ስትል ትስቅ ነበር።

በመጨረሻ ራስህ መጣህ። ሰደፉ ጎን ላይ ያለችውን ጉድጓድ እያስተካከልኩ ነበር። ታውቃታለህ፤ ልጆች ሆነን ጠብመንጃውን እኔ ከደረጃ ላይ ጥዬው፣ አንተ "እኔ ነኝ" ብለህ የተገረፍክባት ናት። እርጥብ ጨርቅ አልብሼ የጋለ ካውያ አሳረፍኩባት። ጨርቁን ስገልጠው ጉድጓዷ የለችም።

"እንዴ! ምን አድርገሽ ነው?" አልክ።

"ምንም። የተጨፈለቀ እንጨት እንፋሎት ካገኘ ይነሳል። የተቆረጠ ነው የማይነሳው።"

እጅህ ወደ ጉንጭህ ሄደ። ማየቴን ስታውቅ ጢምህን የምታክ መሰልክ። "ተይው በቃ፣ ይቅር" ትለኛለህ ብዬ ካውያውን እንደያዝኩ ጠበቅሁ። አንተ ግን አውራ ጣትህን ዘይቱ ላይ አሳርፈህ አሸተትከው።

"ዓርብ እወስደዋለሁ። ደረቀም አልደረቀም።"

"ለግድግዳው?"

"ነገር አታብዢ፣ ሸካራ።"

በሩን እንኳ ሳትዘጋው ሄድክ።

ዛሬ ጠዋት ብረቱን ከእንጨቱ ፈታሁት። ይህን ሁሉ ዘመን አጣብቋቸው የኖረው ለካ ብሎን ብቻ ነው። አጠገባችን ካለው በያጅ ዘንድ ይዤው ሄድኩ። "እርግጠኛ ነሽ እህቴ? አሮጌ ቢሆንም ዋጋ ያወጣል እኮ" አለኝ። ቁረጠው አልኩት። አፈሙዙን ቆረጠ፣ ወገቡን ቆረጠ፣ ቃታውንም አልማርኩም። "ዓይንሽን ጨፍኚ!" እያለ ቢጮህብኝም እስኪያልቅ አየሁት። የአባባ ነውና እያለቀስኩ ነበር። ቁርጥራጩን ከውዳቂ ብረቱ ክምር ጋር ቀላቀለው። ከፈለግህ ሌላ መሣሪያ አታጣም ይሆናል፤ በአባባ ጠብመንጃና በእኔ እጅ ግን አይሆንም።

እንጨቱ ሙሉ ነው። ዘይቱም ደርቋል፤ መደረቡን ከተውኩ ቆይቻለሁ፣ ዋሽቼህ ነው። ስቀለው። የአባባ ትከሻ የሚያውቀው እሱን ነው።

ሳልጠይቅህ የአባታችንን ዕቃ አስቆርጫለሁና ብትቆጣ አልፈርድብህም። እኔ ያደረግሁብህ መጨፍለቅ ይሁን መቁረጥ የምታውቀው አንተ ነህ። መጨፍለቅ ከሆነ ነገ ዓርብ ነው፣ እንዳልከው ና፤ ካውያውን አግዬ እጠብቅሃለሁ። ካልመጣህ ግን መቁረጥ ነበር ማለት ነው፤ እሱንም እችለዋለሁ። አንተን ልጠይቅ እስር ቤት በር ላይ ከምሰለፍ፣ ከዳቦ ጋጋሪው ልጆችም ዓይን ከምሸሽ እሱ ይሻለኛል።

ከመጣህ ግን ጢምህን ተላጭተህ ና።

የተገረፍክላት እህትህ፣
ሸካራ