ለሁለት ኮምፒውተር የሰጠሁት አንድ ቁጥር

ወገዳ፣ ጥቅምት 11 ቀን 2010 ዓ.ም.

ውድ ፀደይ፣

እንደምን ሰነበትሽ ብዬ ልጀምር አስቤ ነበር፤ እንደምን እንደሰነበትሽ ግን ከሸሪፍ ሰምቻለሁ። ያ የዋየርለስ ካርዶቹን ከባሕር ዳር ያመጣልን ነጋዴ፣ ባለፈው ሳምንት እህል ሊጭን እስቴ ደርሶ ተመለሰ። ሱቁ በር ላይ ቆሜ «ፀደይን አየሃት?» አልሁት። «አየኋት፤ ፎቶ ኮፒና የጽሕፈት ሱቅ ከፍታ ትሠራለች» አለኝ። ደስ አለኝ ልል ስል ቀጠለ። «እናትየዋ ግን ወላሂ ያሳዝናሉ። አልጋ ይዘዋል። ማን ይግባ ማን ወሬያቸው አንድ ነው፤ ‹በእኔ ሕመም ነው ልጄን ከሥራ ያባረሯት፤ እኔን ልታስታምም መጥታ እንጀራዋን አጣች፤ ያኔ ብሞት ይሻላት ነበር› ይላሉ። ልጅቱ ‹በእርስዎ አይደለም› ብትላቸው ልታጽናናኝ ነው ይላሉ እንጂ አያምኗትም።»

ከዚያ ቀን ጀምሮ ሥራ ሳልሠራ ይደክመኛል። አንድ ፋይል ከመደርደሪያ አውርጄ ዳገት እንደወጣ ሰው ቁጭ እላለሁ። እናትሽ መሳሳታቸውን በርግጥ የምናውቅ ሁለት ሰዎች ነን፤ አንቺን ካላመኑሽ የቀረሁት እኔ ነኝ። ስለዚህ ከመጀመሪያው ልጻፈው፤ የምታውቂውንም ጭምር፣ በእኔ እጅ ተጽፎ አይተሽው አታውቂምና።

እዚህ ትምህርት ጽሕፈት ቤት ስቀጠር፣ ስድስት ዓመት ቤተ ልሔም ደብር የድጓ ዜማ ተምሬ ድምፄ ሲዘጋብኝ የወጣሁ፣ ዐሥረኛን በማታ ትምህርት የጨረስሁ የመዝገብ ቤት ሠራተኛ ነበርሁ። አንቺ የኮምፒውተር ባለሙያዋ፣ መሪጌታ አለመሆኔን እያወቅሽ «መሪጌታ» እያልሽ ታሾፊብኝ ነበር። ኮምፒውተር ካንቺ በፊት ነክቼ አላውቅም።

የኢንተርኔቱ መስመር የገባው ኃላፊያችን አቶ መልአኩ ቢሮ ነው። ሽቦውን ግቢ አሻግረን መዝገብ ቤት እንዳናደርሰው ርቀቱም ዝናቡም አስቸገረን። በምትኩ አውራ ጣት የምታህል ካርድ ኮምፒውተሩ ላይ ትሰካለች፣ ያለ ሽቦ ትቀበላለች አልሽን። ሸሪፍ ሁለት አመጣ። የመጀመሪያዋን በጸሐፊዋ ኮምፒውተር ላይ አብረን ሰካናት።

«በል ልብ ብለህ ስማኝ» አልሽ። «ሲዲውን አስገባ። ኮንትሮል ፓናል ግባ። ኔትወርክ የሚለውን ክፈት። የዋየርለስ ካርዷን በቀኝ ተጫናት፤ ፕሮፐርቲስ በል። እዚህ አድራሻዋን ጻፍላት፤ መቶ ዘጠና ሁለት፣ መቶ ስልሳ ስምንት፣ አንድ፣ ዐሥር።»

እስክሪብቶ አላወጣሁም። እኔ ባደግሁበት ትምህርት ቤት ቃል በጆሮ ገብቶ በአፍ ነው የሚወጣ። ያንቺንም ከሥራ ወደ ቤት፣ ከቤት ወደ ሥራ እያልሁ ደገምሁት። በማግስቱ አንዲት ሳላስቀር በቃሌ ብልልሽ በሳቅ ፈረስሽ። «ኧረ ቀለሜ፣ ዜማ ብቻ እኮ ነው የቀረህ!»

ከቤተ ልሔም ይዤው የወጣሁ አንድ ፍርሃት ነበረኝ፤ ከመምህር የተቀበሉትን ማዛነፍ። አንዲት የዜማ ምልክት ጨምረህ ወይም ዘለህ ከተገኘህ የኔታ መልሰው ከሥር ያስጀምሩሃል። ከራሱ አንዳች የሚጨምር ተማሪ እኛ ዘንድ ጎበዝ አይባልም፤ ደፋር ነው የሚባል። ይህን አንቺ ከየት ታውቂዋለሽ? እኔም ሳልነግርሽ ቀረሁ።

ሐምሌ 2004 እናትሽ ታመው ተደወለልሽ። አቶ መልአኩ «ሂጂ፣ የፈቃዱን ወረቀት ስትመለሽ እንሠራዋለን» አሉሽ። በሩ ላይ ቆሜ በጆሮዬ ሰምቻለሁ። ከመሄድሽ በፊት ሁለተኛዋን ካርድ መዝገብ ቤት ባለው ኮምፒውተር ላይ እንድሰካ ነግረሽኝ፣ አንድ የታጠፈ ወረቀት ሰጠሽኝ።

«በቃሌ ይዤዋለሁ እኮ» አልሁሽ።

«ቢሆንም አንብበው፣ አንተ ልበ ደንዳና» አልሽኝ፤ የምትሳፈሪበት አይሱዙ ጡሩምባውን እየነፋ ነበር። ወረቀቱን የደረት ኪሴ ውስጥ ከተትሁት፤ አላነበብሁትም።

ካርዷን ሰካሁ። እንዳስተማርሽኝ ከፈትሁ፣ እንዳስተማርሽኝ ተጫንሁ። አድራሻውንም ጻፍሁ፤ መቶ ዘጠና ሁለት፣ መቶ ስልሳ ስምንት፣ አንድ፣ ዐሥር። ልክ ለጸሐፊዋ ኮምፒውተር እንደሰጠነው። አንዲት ቁጥር አልጨመርሁም፣ አንዲት አላጎደልሁም፤ ኮራሁም። ጥግ ላይ በእንግሊዝኛ አንድ ጽሑፍ ብቅ አለ። ከውስጡ የማውቃት ቃል «ኮንፍሊክት» ነበረች፤ በተቀጠርሁ ሰሞን ስለ ግጭት አፈታት ሥልጠና አስቀምጠውን ስለነበር። ሁለት ዕቃ ደግሞ በምን ተጣላ ብዬ ስቄ ዘጋሁት። ሦስት ጊዜ ተመላለሰ፤ ሦስት ጊዜ ዘጋሁት።

የመምህራኑ የዝውውር ዝርዝር ያለው በዚያ ኮምፒውተር ላይ ነበር። በዚያ ዓመት በወረቀት አንቀበልም፣ በኢንተርኔት ብቻ ላኩ፣ ከዓርብ ሐምሌ 20 ያለፈ አይታይም ተብሎ ከዞን ተጽፎልናል። ሐሙስ ሞከርሁ፤ አልሄደም። ዓርብም የእኔም የጸሐፊዋም አንዴ ይመጣል፣ አንዴ ይጠፋል። አቶ መልአኩ በየሰዓቱ ብቅ ይላሉ።

«ለልጅቱ ደውልላት እንጂ!»

«አያስፈልግም ጋሼ፣ እኔ አውቀዋለሁ። ኔትወርክ ነው የጠፋው።»

ወገዳ ላይ ኔትወርክ ጠፋ ያለን ሰው ማን ይጠረጥረዋል? በ11 ሰዓት ቢሮውን ቆልፈን ወጣን። የሠላሳ አንድ መምህራን ስም እዚያው ቀረ። መደወል እችል ነበር፤ ኪሴ ውስጥ ያለውን ወረቀትም ማንበብ እችል ነበር።

ሰኞ ጭቃሽን ሳታራግፊ መጥተሽ ኮምፒውተሩ ላይ ተቀመጥሽ። ዐሥር ደቂቃ አልፈጀብሽም። ዐሥርን ዐሥራ አንድ አደረግሻት፤ ሠራ።

«ምን ሆኖ ነው?» አሉ አቶ መልአኩ።

«ሁለቱ ኮምፒውተሮች አንድ አድራሻ ይዘው ነው። ሁለት ሰው በአንድ ስም ሲጠራ ማን አቤት እንደሚል አይታወቅም፤ እንደዚያ ነው።»

«አንድ አድራሻ ማን ሰጣቸው?»

ዞር ብለሽ አየሽኝ። እኔ የያዝሁትን ፋይል አየሁ።

«እኔ ነኝ» አልሽ።

ከሰዓት በኋላ ከመዝገብ ቤቱ ጀርባ ጠራሽኝ። ልትቆጪኝ መስሎኝ ነበር። «የሙከራ ጊዜህ መቼ ነው የሚያልቅ?» አልሽኝ። ነሐሴ 7 አልሁሽ። «እንግዲያው ስማኝ። አሁን ከነገርናቸው አንተን በዕለቱ ነው የሚያሰናብቱህ። እኔ ቋሚ ነኝ፤ ቢበዛ ማስጠንቀቂያ ይጽፉብኛል። ሁለት ሳምንት ዝም በል። ከዚያ አብረን ገብተን እንነግራቸዋለን።» እሺ አልሁሽ። አመሰግናለሁ ማለቴን እንኳ አላስታውስም።

ያን ዕለት ቤቴ ገብቼ ወረቀትሽን አነበብሁት። «ሁለተኛዋ ላይ የመጨረሻዋ ቁጥር 11 ትሁን። 10ን እንዳትደግም፣ አደራ!» ይላል፤ ሁለት ጊዜ አስምረሽበታል። ምድጃ ውስጥ ከተትሁት። ይህን እስከ ዛሬ አታውቂም ነበር፤ አሁን እወቂው።

የዲሲፕሊን ኮሚቴው ሁለት ሳምንቱን አልጠበቀንም፤ ሐሙስ ተቀመጠ። ቃለ ጉባኤ የሚይዘው የመዝገብ ቤት ሠራተኛ ነውና ብዕሩ እኔ እጅ ነበር። «ያለ ፈቃድ የሥራ ገበታዋን ጥላ በመሄዷ፣ የኮምፒውተሩን ቅንብር አበላሽታ በመተዋ» እያሉ አጻፉኝ፤ ጻፍሁ። አቶ መልአኩ በቃል የፈቀዱልሽን አላነሱም። እኔም አላነሳሁም። «የምትይው አለሽ?» ሲሉሽ አንድ ጊዜ ብቻ አየሽኝ። ለአንድ ሰው መናገሪያ የሚበቃ ጊዜ ነበር። «የለኝም» አልሽ፤ «የለኝም ብላለች» ብዬ ጻፍሁ። ማስጠንቀቂያ ይሆናል ያልነው ስንብት ሆነ።

ነሐሴ 7 ቋሚ ሆንሁ። ደብዳቤውን በገዛ እጄ ማኅደሬ ውስጥ አያያዝሁት። አንቺ እስቴ ገብተሻል። ነገ እናገራለሁ ስል መስከረም ጠባ። ከዚያ ሚስት አገባሁ፣ ከዚያ ልጅ ወለድሁ፤ በየጊዜው ዝም የምልበት አዲስ ምክንያት አላጣሁም። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይባላል፤ እኔ አምስት ዓመት አድሬበት ምንም አልጠራልኝም።

መምህርት ተዋበችን ታስታውሻታለሽ፤ ከቆላው ትምህርት ቤት ወደ ንፋስ መውጫ፣ ባሏና ልጇ ወዳሉበት ለመዛወር ሦስት ዓመት የጠበቀችውን። ዝርዝሩ በቀረ በጥቅምት መስኮቴ ሥር መጥታ ቆመች። «ቀለመ ወርቅ፣ ለመስቀል ሄጄ ልጄ ምን አለች መሰለህ? ‹አባዬ፣ ሴትዮዋ መጣች!›» ከዚያ አንቺን ስምሽን ጠርታ ረገመችሽ። «አይዞሽ፣ ግቢና ተቀመጪ» አልኋት። ወንበር ሰጠኋት። ያን ያህል ነው የሰጠኋት፣ ወንበር። በዓመቱ ተዛወረች፤ እርግማኑ ግን ባንቺ ላይ እንዳለ ነው የሄደችው። ትናንት ደውዬ ነገርኋት። ሰምታ ዘጋችብኝ።

ትናንት ሌላም አደረግሁ። የእምነት ቃሌን በአንድ ገጽ ጽፌ ግልባጩን አቶ መልአኩ ጠረጴዛ ላይ አኖርሁ። የእሳቸው የቃል ፈቃድም አለበት። አንብበው ሲጨርሱ መነጽራቸውን አወለቁ።

«ጡረታዬ ስምንት ወር ነው የቀረው፣ ቀለመ ወርቅ።»

«አውቃለሁ፤ ማኅደርዎ እኔ ዘንድ ነው።»

«ልጅቱ አልከሰሰችንም። ማን ጠየቀህ? ሳይቸግር ጤፍ ብድር!»

«እናቷን ቸግሯቸዋል» አልሁ፤ ሸሪፍ የነገረኝንም ነገርኋቸው።

መነጽራቸውን መልሰው «ዋናውን አምጣውና እዚሁ ይቅር» አሉኝ። አይሆንም አልኋቸው። ዋናውን ጠዋት በገቢ መዝገብ ላይ አስፍሬ ማኅደርሽ ውስጥ፣ ከቃለ ጉባኤው ቀጥሎ፣ ገጽ 42 ብዬ አያይዤዋለሁ። ቁጥር የተሰጠው ገጽ ቢነቀል ክፍተቱ ይናገራል፤ ይህን ከእኔ ይበልጥ እሳቸው ያውቃሉ። ወደ መስኮቱ ዞረው «እኔም እኮ ፈቅጄላት ነበር» አሉ፤ የማላውቅ ይመስል። ድምፃቸው የእኔን ያህል የደከመ ነበር።

ሰኞ ኮሚቴ ይቀመጥብኛል። ቃለ ጉባኤውን ሌላ ሰው ይይዛል። ለሚስቴ ስነግራት አንድ ቀን ሙሉ አላናገረችኝም፤ ከዚያ «በፖስታ አትላከው፣ ይቆያል፤ በሸሪፍ እጅ ላከው» አለችኝ። እንዲሁ አደርጋለሁ።

ይቅርታ አልለምንሽም፤ ብለምንሽ ትሰጭኛለሽ ብዬ እፈራለሁ። ያንቺን መልካምነት አንዴ ተቀብዬ ምን እንዳደረግሁበት አይተሻል። የቃሌን ግልባጭ ከዚህ ጋር ልኬልሻለሁ፤ ማኅተም አለበት፤ የፈለግሽው ቦታ አቅርቢው። ደኅና ሁኚ፣ ፀደይ። ከዚህ በታች ያለው ለእናትሽ ነው፤ ጮክ ብለሽ አንብቢላቸው።

እማማ አመተ ማርያም፣

አያውቁኝም። ወገዳ ከልጅዎ ጋር እሠራ ነበር። እርስዎን ልታስታምም የመጣችው ኃላፊዋ ፈቅደውላት ነው፤ ሲፈቅዱላት በጆሮዬ ሰምቻለሁ። ኮምፒውተሩን ያበላሸሁት እኔ ነኝ። ጥፋቱን በስሟ የጻፍሁትም እኔ ነኝ። ባልታመም ኖሮ ከቦታዋ አትነቃነቅም ነበር ይሉኝ ይሆናል፤ እውነትዎን ነው። ግን ስትመለስ ሥራዋ ይጠብቃት ነበር። እንጀራዋን የወሰደባት የእርስዎ ሕመም አይደለም፤ የእኔ ዝም ማለት ነው። ልጅዎ ልታጽናናዎት አልዋሸችም።

ያኔ ብሞት ይሻል ነበር ይላሉ አሉ። እንኳን አልሞቱ። እንደገና እንዲህ አይበሉ፤ እሷ ትሰማለች። ከእንግዲህ ራስዎን አይርገሙ። መርገም ካለብዎ ስሜ እስከ አያቴ ይኸውልዎ።

ቀለመ ወርቅ ተክሌ ገብሬ