ሐሰት ነው ያልሁት ቅርፊት

ውድ እህቴ እትዬ ሂራንማዪ፣

እንደምን ሰነበትሽ? የዴልሂ ብርድ ጉልበትሽን እንዴት አደረገው? ሳሉስ ለቀቀሽ? ባለቤትሽ፣ ልጆቹ፣ አማትሽ ሁሉም ደህና ናቸው? እኛ ቪሽኑ ይመስገን፣ በጤና አለን። ጤና ስል ሥጋዬን ነው፤ ፊቴን ግን የማስቀምጥበት አጥቻለሁ።

ስለ ገዳማችን ታሪክ የጻፍሁትን መጽሐፍ ታስታውሻለሽ። በስድስተኛው ምዕራፍ፣ በዛፍ ቅርፊት ላይ ከተጻፈው መዝገባችን አንዱን ገጽ ሐሰተኛ ብዬዋለሁ። ወንዙ የቀድሞውን ገዳም ሲበላው ቅዱሳት መጻሕፍቱን በጀልባ ያሻገሩት ዓሣ አጥማጆች ናቸው የሚለው ገጽ ነው። ዘሮቻቸው በየዓመቱ በክሪሽና በዓል ቅዱስ መጽሐፉ የሚቀመጥበትን ዙፋን የሚሸከሙት በእሱ ምክንያት ነው። ሌሎቹ ገጾች በዕድሜ ጠቁረው ሳለ ይህ ግን አዲስ ቅርፊት፣ አዲስ ቀለም ነበር። መዝገብ ጠባቂው አባ ሙሂራም ደግሞ የእነዚያው አጥማጆች ወገን ናቸው። ለመፍረድ ይህ በቃኝ። ጉባኤው ፊት ቆሜ፣ «አባ፣ ለዘመዶችዎ ክብር ሲሉ ታሪክ ይፈበርካሉ?» አልኋቸው። እሳቸው፣ «ልጄ፣ አሮጌው ቢበሰብስ በአዲስ ቅርፊት ገለበጥሁት፤ አሮጌውን እንደ ደንቡ ለወንዙ ሰጠሁ» ቢሉ፣ «እንግዲያ ምስክርዎ ውሃ ነው!» ብዬ ሰው አሳቅሁባቸው። ዘንድሮ ዙፋኑን ሌሎች ተሸከሙት።

በቀደም የዩኒቨርሲቲ ወረቀቶቼን ምስጥ እንዳይበላቸው ሳገላብጥ፣ ከሠላሳ ዓመት በፊት ራሴ ያነሳሁት ፎቶግራፍ ወጣ። ኋላ የበሰበሰው ያ አሮጌ ገጽ ነው። ከአባ ግልባጭ ጋር አስተያየሁት፤ ፊደል በፊደል አንድ ነው። የድሮው ጸሐፊ ተሳስቶ ሁለቴ የጻፈውን መስመር እንኳ አባ ሁለቴ ጽፈውታል። ተማሪን በአንዲት ነጥብ የምጥል ሰው፣ የራሴን ሣጥን ሳልከፍት ሽማግሌ አዋረድሁ።

ለገዳሙ አለቃ ብነግራቸው፣ «መጽሐፉ ታትሟል፤ ነገር አትቆስቁስ» አሉኝ። ተናድጄ ወጣሁ። እንደ ይቅርታ ወጋችን አዲስ ፎጣና የሚታኘክ የቤተል ቅጠል ይዤ አባ ዘንድ ሄጄ ተንበረከክሁ። «ተነስ እባክህ፣ ወገቤን ያመኛል፤ ጎንበስ ብዬ ላነሳህ አልችልም» ብለው ሳቁ። ፎጣውን ግን መለሱልኝ። «በጉባኤ አዋርደህ በጓዳ ትክሳለህ?» አሉ።

ትናንት በጉባኤ ፊት ተንበረከክሁ፤ ፎቶግራፉንም አሳየሁ። አባ ፎጣውን ተቀበሉ፤ ዙፋኑን የመሸከም ክብርም ለአጥማጆቹ ተመለሰ። ከኋላ አንዲት አጥማጅ ተነስታ፣ «የኔታ፣ ልጄ ትምህርት ቤት የአጭበርባሪ ዘር ስትባል ከረመች። ለእነዚያስ ፎቶውን ማን ያሳይልኛል?» አለችኝ። ዛሬ ጠዋት ትምህርት ቤቱ ሄጄ ከክፍል ክፍል ተናገርሁ፤ ልጅቷ ግን ቀና ብላ አላየችኝም።

እዚያ ያለውን የምታርሚልኝ አንቺ ነሽ። የላክሁልሽን መጻሕፍት ለማን ለማን እንዳደልሽ አስታውሺና በየቤቱ ሄደሽ፣ «ወንድሜ በስድስተኛው ምዕራፍ የሰው ስም አጥፍቷል» በያቸው። «ተሳስቷል» እንዳትይ።

ለባለቤትሽ ለዲምቤሽዋር ሰላምታዬ ይድረስ። ጁሪንና ፕራንጃልን ሳሚልኝ። አማትሽን እግራቸውን ነክተሽ ሰላም በይልኝ። ያን ምዕራፍ እየኮራሁ ድምፄን ከፍ አድርጌ ያነበብሁት ለእሳቸው ነው፤ መጀመሪያ ለእሳቸው ንገሪልኝ።

ወንድምሽ ቶሼሽዋር
ማጁሊ፣ በማግ ወር በአምስተኛው ቀን