ትከሻው ላይ ያለው እጅ

ማክሰኞ

ዛሬም ኮምፒውተሩ የደረጀን ቀኝ እጅ በላብኝ። ሰውን ከጀርባው ካለው ነገር ለይቶ ያወጣል የተባለው ሶፍትዌር ነጭ ሸሚዙን ከነጩ የዳስ ሸራ መለየት አቃተው። ደረጀ ሲያወዛውዘው እጁ ይጠፋል፣ ሲቆም ይመለሳል።

ደረጀ የእትዬ ወይንሸት ልጅ ነው። ጅቡቲ ለሥራ ሄዶ እዚያው ሞተ፣ እዚያው ተቀበረ። እሑድ ሙት ዓመቱ ነው። ሲንቀሳቀስ የሚታይበት ቪዲዮ አንድ ብቻ ተገኘ፤ እኔው የቀረጽኩት የጎረቤት ሠርግ። እሱ የሚታየው አራት ሰከንድ ነው። “ብቻውን አውጪልኝ። ለሙት ዓመቱ ሰው ሲጨፍር ላሳይ?” አሉኝ እትዬ ወይንሸት። እንቢ ማለት አልቻልኩም።

ረቡዕ

በእጅ ጀመርኩ። አንዱ ሰከንድ ሃያ አምስት ምስል ነው፤ በጠቅላላው መቶ። እያንዳንዱ ላይ ዙሪያውን በማውስ መክበብ። እስከ ምሳ አሥራ አንድ።

የሮቢት ሙቀት አይጣል ነው። ቬንትሌተሩን ለኮምፒውተሩ ሰጥቼ እኔ በካርቶን አራገብኩ። ስምንት ሰዓት ላይ መብራት ሄደ። ሴቭ ያደረግኩት ሰባቱን ብቻ ነበር።

ሐሙስ

መብራት ቀኑን ሙሉ አለ። ወገቤ አልቋል። ዓይኔ ያቃጥላል።

አርባኛው ምስል ላይ ትከሻው ላይ የሌላ ሰው እጅ መጣ። ላጠፋው ስል ትከሻው አብሮ ይጎድላል። ሙሉውን ቪዲዮ ከፍቼ አየሁ። አባቱ ናቸው፣ ጋሼ ተፈራ። በኋላው በኩል ሲያልፉ ነው።

ደረጀ የሽንኩርቱን እርሻ ትቼ እሄዳለሁ ባለ ጊዜ ተኳርፈው ነበር። ለቅሶ የደረስኩ ቀን ጋሼ ተፈራ “ሳንታረቅ ሄደ” ብለውኛል። 

ዓርብ

መቶውም አለቀ። የአባቱ እጅ ግን ከአንጓው ተቆርጦ ትከሻው ላይ ቀረ። እንደሚቆጡኝ እያሰብኩ እትዬ ወይንሸትን ጠራሁ።

“ይሄ የማን እጅ ነው?” አሉ። ነገርኳቸው። “ሠርጉ እኮ ከተኳረፉ በኋላ ነው” አሉ። “ነገ ይዣቸው እመጣለሁ።”

ቅዳሜ

ጋሼ ተፈራ ባርኔጣቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው ተቀመጡ። ሦስት ጊዜ አሳየኋቸው።

“መንገዱ ጠቦኝ ነው። ለማለፍ ነው የያዝኩት” አሉ። እትዬ ወይንሸት አንገታቸውን ደፉ።

“እስቲ ድገሚው” አሉ ጋሼ ተፈራ።

ደገምኩት።

“አልሸሸኝም” አሉ ቀስ ብለው። “አየሽ? አልሸሸኝም።”

ከዚያ እጁን እንድተወው፣ ክንዳቸውንም እንድጨምርበት ለመኑኝ። ልጃቸው የተቆረጠ እጅ ተሸክሞ አይታይም አሉ። እንደገና መክበብ ጀመርኩ። አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ጨርሼ ሰጠኋቸው። ሲዲውን በሁለት እጃቸው ተቀበሉኝ።

ደረጀ ግን አንዴም ዞሮ አላየም። መቶውንም ምስል አንድ በአንድ አውቀዋለሁ። የማን እጅ እንደሆነ ገብቶት ይሁን አይሁን የሚነግረኝ ምስል አላገኘሁም። ይህንን ለጋሼ ተፈራ አልነገርኳቸውም።